አራት ቀን የሚቆየው ባትሪ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት አዲሱን ስልኩን አጠገቡ ላሉት እናት ያሳያል።

«አንዴ ቻርጅ ካደረግሁት አራት ቀን ይቆያል፣ እማማ።»

«አራት ቀን! ምን ብታበላው ነው?»

«ለሌላ ስልክም ቻርጅ ያካፍላል።»

«ከአንተ ይሻላላ! ከተሳፈርን ጀምሮ የምትቆረጥመውን ቆሎ መቼ አካፈልከኝ?»

«ውይ ይቅርታ፣ እንኩ! የእርስዎስ ስልክ?»

«እኛ ዘንድ መብራት የለም። በገበያ ቀን ሱቅ አስቀምጬ አስሞላዋለሁ፤ በማግስቱ ይዘጋል።»

«ልጅዎ ይሄን ይግዛልዎት፤ በየቀኑ ይደውልልዎታል።»

«ተወኝ እባክህ! አሁን ሳይደውል ሲቀር ባትሪዬ አልቆ ነው እላለሁ። ይሄን ይዤስ ምን ልበል?»

እኔም ጠዋት እናቴ ስትደውል ያላነሳሁትን ስልክ ከኪሴ አወጣሁ።