እንሰት ፋቂው ተጠርጣሪ

ሽልማት አገኘ ስለተባላችሁ ብቻ ስንት ድራማ እስከ መጨረሻው አይታችኋል? ከብዙ ዓመት በኋላ ቡታጅራ ተመልሼ እህቴ ቤት ሳለሁ፣ ልጇ ሰሚራ ካሜራ የያዘችበትን ተሸላሚ የወንጀል ድራማ ልታሳየን አመጣች። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እንሰቱ ላይ ያለው ጤዛ፣ ጉም የዋጠው መንገድ፣ እውነት ለመናገር ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ሰሚራ ግን ቴሌቪዥኑን ትታ የእኛን ፊት ነው የምታየው።

መርማሪው ባለሱቁን «ሟች ሲገደል የት ነበርክ?» አለው። «ቤቴ እንሰት ስፍቅ» አለ ሰውየው። መርማሪው መዝግቦ አሰናበተው። እህቴ ብድግ አለች። «ምን ያሰናብተዋል? እንሰት የሚፍቀው ሴት ነው፣ ወንድ አጠገቡም አይደርስ። ወላሂ ገዳዩ እሱ ነው።»

«እማዬ» አለች ሰሚራ ቀስ ብላ፣ «እሱ መሆኑ የሚታወቀው በአሥራ ሁለተኛው ክፍል ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ፈገግ የማልል ሴትዮ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሰሚራ አቀርቅራ «ቀረጻውስ?» አለችኝ።

«ቀረጻው ያንቺ ነው፣ እንከን የለውም።»

ያን ጊዜ እሷም ከእኛ ብሳ ሳቀች። «እንግዲህ ደራሲውን ይቅር በይልኝ፣ አክስቴ።»

«ደራሲውንም፣ መርማሪውንም፣ የሸለሟችሁንም ይቅር አልልም» አልኳት።