በናዕማ የለቅሶ ድንኳን ላይ የተፈጸመው

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ አሰለፈች ወልደየስ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ
አድራሻ፦ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ጉተማ በዳዳ

እኔ ምስክሯ ከወ/ሮ ናዕማ ጋር በር ለበር የምንኖር ጎረቤታሞች ነን። እግሬ ተሰብሮ በተኛሁበት ክረምት ውሃ እየቀዳች ያኖረችኝ እሷ ናት። ባለቤቷ አቶ ነቢል ሐምሌ 17 ቀን አርፎ በዕለቱ ስለተቀበረ፣ የሕንጻችን እድር መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ተከለላት።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ዝናብ እየጣለ እያለ፣ በምድር ቤት የሚኖረው አቶ በዛብህ በመኪናው መጣና ድንኳኑ እንዲነሳ ጠየቀ። የእድራችን ዳኛ አቶ ዱጉማ፣ ሕንጻው ሳይሠራ በፊት እዚሁ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ፣ ወጥተው «ልጄ፣ ሐዘን ነው፤ እስኪያልፍ ከማዶ አቁም» ብለው ለመኑት። እሱ ግን በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ ገበሬ፣ ምን አገባህ!» አላቸው። ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያም ከመኪናው ቢላዋ አውጥቶ የድንኳኑን ገመዶች ቆረጠ። ውሃ ያቆረው ሸራ ከነምሰሶው በለቀስተኛው ላይ ወደቀ። ምሰሶው የአቶ ዱጉማን ግንባር ፈነከታቸው። ናዕማ ከሸራው ሥር ሆና ስትጮህ ሴቶች ጎትተን አወጣናት። ባሏን ከቀበረች አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ያልሞላት ሴት ናት።

የአቶ ዱጉማ ልጅ ጂራታ አባቱ ሲደሙ አይቶ ሮጠ። የበዛብህን እጅ ከኋላ ይዞ ቢላዋውን አስጣለውና «እትዬ አሰለፈች፣ ያዙልኝ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። በቡጢም ሆነ በሌላ ነገር አልመታውም። በዛብህ ተመታሁ ቢልም፣ ከንፈሩ የቆሰለው ዞሮ ሲሸሽ ጭቃ አንሸራትቶት በራሱ መኪና ኮፈን ላይ በመደፋቱ ነው።

ከየፎቁ ሰው ወረደ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሸራውን ጫፍ ጫፍ ይዘን፣ ዱአው እስኪያበቃ በእጃችን ዘርግተን ቆምን። አቶ ዱጉማን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድዎ ስንላቸው «ዱአው ሳያልቅ አልሄድም» ብለው ግንባራቸውን በነጠላ አሥረው ተቀመጡ።

በዛብህ ደውሎ የጠራቸው ፖሊሶች ሲደርሱ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ጂራታን ይዘው ሄዱ። ገመድ የቆረጠው ሰው ቤቱ ገባ። ይህ አንገብግቦኛል፤ አባቱን የፈነከተበትን ሰው ሳይመታ እጁን ብቻ የያዘ ልጅ በምን ሕግ ይታሰራል? ጥፋቱ ቢላዋ ማስጣሉ ከሆነ፣ ቢላዋውን የተቀበልኩት እኔ ነኝና እኔንም እሰሩኝ። ቢላዋውን ዛሬ ለጣቢያው አስረክቤአለሁ።

በበዛብህና በጂራታ መካከል የቆየ ጠብ እንደነበረ ተጠይቄ፣ እንደሌለ መልሻለሁ። ለጎረቤቴ አድልቼ እንደሆነም ተጠይቄአለሁ። ለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ በዚያ ዝናብ ከጎኔ ቆማ ሸራውን ይዛ የነበረችው ወ/ሮ ማህሌት የበዛብህ ሚስት ናት። ዛሬም ማንም ሳይጠራት አብራኝ መጥታ፣ ያየችውን ለመናገር ተራዋን እየጠበቀች በር ላይ ተቀምጣለች። እሷን አስገብታችሁ ጠይቁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያላየሁትን አልጨመርኩም፣ ያየሁትንም አላስቀረሁም፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አሰለፈች ወልደየስ
የመርማሪው ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ጉተማ በዳዳ