ጋሼ ሥራ የለቀቁ ዕለት

— ሄሎ?… አቤት!… ማን ልበል?… ጋሼ! ውይ ጋሼ፣ ድምፅዎ እኮ ጠፋኝ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስልክ ቀይሬ ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቶብኝ ነው።… አዎ፣ ቀለሜ ነኝ፣ ራሴ ነኝ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ከእርስዎ በቀር የለም እኮ አሁን።… ደህና ነኝ። እትዬስ? ልጅቷስ?… ተመስገን።

— ኧረ አይረብሹኝም! ለእርስዎማ… (እህቴ፣ እስቲ አንዴ መኪናውን አቁሚልኝ። ጋሼ ናቸው። የመዝገብ ቤቱ ጋሼ፣ የድሮ አለቃዬ… እሺ፣ ያቺን ጨርሺያትና።) ይቅርታ ጋሼ፣ ምን አሉኝ?… የስፌት መኪና? አ… አዎ፣ ጎረቤት ነው። ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለችን። (አንቺ ደግሞ፣ ምን ታፈጥጪብኛለሽ?)

— ምሥራች?… ይንገሩኛ! ልጅቷ ልታገባ ነው?… አይደለም። እድገት ሰጡዎት?… እሱም አይደለም። ልቤን አይስቀሉት እንጂ ጋሼ።

— ምን?

— መስመሩ ይቆራረጣል መሰለኝ፣ እስቲ ይድገሙልኝ።… የመልቀቂያ ደብዳቤ። የማን?… የእርስዎ።… ዛሬ ጠዋት።

— አለሁ፣ አለሁ ጋሼ። እየሰማሁዎት ነው።… አይ፣ ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ደንግጬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሠሩበት ቤት! ምን ነካዎት?… እኔ? እንዴት በእኔ?

— ብሎጌን እያነበቡ።… ሁሉንም?… በወረቀት አትመው። ፋይል ከፍተው!… ተራ ቁጥርም ሰጥተውታል? ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ… ስንት ሆኑ ታዲያ?… መቶ አርባ ሦስት። እኔ ራሴ ቆጥሬያቸው አላውቅም።

— አዎ፣ እሱን እኔ ነኝ የጻፍኩት።… እሱንም።… በቃ ጋሼ፣ አያንብቡልኝ፣ አውቀዋለሁ።… «ደመወዝ በየወሩ የሚወጉት ማደንዘዣ ነው።» አፈር በበላሁ! ይሄንን እኔ ነኝ ያልኩት?… ሰባ ስምንተኛው ላይ። እሺ።

— ለሙሉ ጡረታ ስንት ቀርቶዎት ነበር?… አራት ዓመት። እትዬ ምን አለች?… አልነገሯትም።… ማታ ድንገት ሊያስደስቷት።… አቤት ጋሼ።

— ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደብዳቤው አሁን የት ነው?… ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ለፊርማ የሚገባው አቃፊ ውስጥ። ሥራ አስኪያጁስ?… ስብሰባ። ስንት ሰዓት ይመለሳል?… ስምንት ሰዓት። አሁን ሰባት ከሃያ ነው።… ጋሼ፣ እባክዎትን ልለምንዎት። አሁኑኑ ይነሡና ያንን ደብዳቤ አውጥተው ይቅደዱት።

— አልቀለድኩም።… አልጠጣሁም! በጠራራ ፀሐይ ምን እጠጣለሁ?… ምን አሉ? ገበያዬን እንዳይሻሙብኝ?… ጋሼ፣ ይሄ ከእርስዎ አፍ ይወጣል? ምን ገበያ አለኝና!

— ይስሙኝ። ቅድም የሰሙት የስፌት መኪና የጎረቤት አይደለም። የእህቴ ነው። የምኖረው እሷ ጋ ነው፤ ከሱቋ በስተጀርባ የጨርቅ ማስቀመጫ ክፍል አለቻት፣ እዚያች ውስጥ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።… ቤቴንማ ለቀቅኩት። የምጽፈውም እሷ ጨርቅ ከምትቆርጥበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው። ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ላፕቶፔን ታቅፌ ብድግ እላለሁ።

— የቱ ፎቶ?… አበባው ያለበት። የቢሮዬ ፎቶ።… ጋሼ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው። ሻጩ ዞር ሲልልኝ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አነሣሁት። ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛው እግር ላይ ተለጥፎ ስለነበር ከታች ቆርጬ አስቀረሁት።

— (አትሳቂ። እውነቴን ነው የምነግራቸው።)

— ደንበኞቹ?… «በየሳምንቱ የማልቀበላቸው ሥራዎች» ያልኩት። አዎ፣ ብያለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጽፌዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎት? ስጽፍ የኖርኩት የፍራሽ ማስታወቂያ ነው። ፍራሽ፣ የበር ቁልፍ፣ የውሃ ማጣሪያ። «ከእንቅልፍዎ በፈገግታ ይነቃሉ» የምትለዋን በሃያ ዓይነት መንገድ ጽፌያታለሁ፣ እኔ መሬት ላይ እየተኛሁ። ያም ሆኖ እሱ ደህናው ጊዜ ነበር። ዘንድሮ እሱም ቀረ። አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚጽፈው።… አዎ፣ ራሱ። ይጠይቁታል፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ገጹን ሞልቶ ይሰጣቸዋል። እኔ ጋ የሚመጣው ካለቀ በኋላ ነው፤ «ሰው የጻፈው አስመስልልን» ይሉኛል። እዚህ አንድ «እንግዲህ»፣ እዚያ አንድ «እንዲያው» ጣል ጣል አድርጌ እመልስላቸዋለሁ። ከባለፈው ወር ወዲህ እሱንም የላከልኝ የለም። ትናንት ምን ስሠራ እንደዋልኩ ያውቃሉ? የሱሪ ጫፍ ስፈታ።

— ጋሼ?… ይሰሙኛል?

— ለምን ዋሸህ።… መጠየቅዎ ደግ ነው።… የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እኮ እውነት ነበሩ! ሥራ ነበረኝ፣ ስልኬ ይጮህ ነበር። ስለ ሥራ መልቀቅ የጻፍኳትን ያስታውሳሉ? ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሲያነባት ትልቅ ጸሐፊ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ሥራው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እውነቱን ጻፍኩት፤ እንደተቸገርኩ፣ ቤት እንደለቀቅኩ፣ ሁሉንም። አሥራ አንድ ሰው አነበበው። ከአሥራ አንዱ አንዷ እህቴ ነች። በማግስቱ «በነፃነት ለመኖር ሰባት መንገዶች» ብዬ ጻፍኩ፤ ያገር ሰው ተረባረበበት። ታዲያ ምን ላድርግ? ስምንተኛውንም ጨመርኩላቸው።

— የትኛውን አላነበቡትም?… ስለ ችግሬ የጻፍኩትን። አዎ፣ አጥፍቼዋለሁ፣ በሦስተኛው ቀን። ለዚያ ነው ፋይልዎ ውስጥ የሌለው።

— ልመለስማ አስቤ ነበር። ሁለቴ እስከ መሥሪያ ቤቱ በር መጥቼ ነበር፣ ያውቃሉ? ግን በምን ዓይኔ? ስሸኝ ተሸክማችሁኝ አልነበር እንዴ! «የኛን ቤት ስም ያስጠራል» ብለው እርስዎ አይደሉ ንግግር ያደረጉት? ከጥበቃው ጋር ዓይን ለዓይን ስንጋጭ ዞር ብዬ ሄድኩ።… የሚያነበውን ሰው አላሰብኩትም ጋሼ። ለእኔ ቁጥር ነበር። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ… ፊት የለውም። ከመሃል አንዱ እርስዎ ይሆናሉ ብዬ፣ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው እያተሙ፣ እየቆጠሩ… አላሰብኩም። አላሰብኩም ጋሼ።

— (ምንም አልሆንኩም። ተይኝ።)

— ሥራ ለቀው ምን ሊጽፉ ነበር ግን?… ስለ አቤቱታዎቹ። የቱ አቤቱታ?… ከመዝገብ ቤት እየተቃጠሉ የሚወገዱት። የድሮዎቹ።… ሴትየዋ ውሃ እንዲገባላት አሥራ አራት ዓመት በየዓመቱ የጻፈችው? እሷን ነግረውኛል፣ መጨረሻ ላይ ልጇ የጻፈላት።… የአሥራ አራቱንም ቅጂ ይዘዋል? ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው! እኔ መቶ አርባ ሦስቱን ጽፌ ይሄን የመሰለ አንድ ወሬ አላገኘሁም።… ይጻፉት! ማን ይከለክልዎታል? ቅዳሜ ቅዳሜ ይጻፉት። ደመወዝዎን እየበሉ ይጻፉት። ደብዳቤውን ያውጡትና ይጻፉት።

— እሺ አሉኝ?… እሰይ! ስልኩን አይዝጉት። ኪስዎ ይክተቱት… አይ፣ ጆሮዎ ላይ ያድርጉት። የት ደረሱ?… ደረጃው ላይ። ቀስ ይበሉ፣ ድጋፉን ይያዙ።… ጸሐፊዋ አለች?… ምሳ ወጥታለች። እንዴት ያለ ዕድል ነው! አቃፊውስ?… ይታይዎታል። ይክፈቱታ!… የሰው አቃፊ አይከፈትም?… ጋሼ! ደብዳቤው እኮ የራስዎ ነው።… አውቃለሁ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ያልተፈቀደልዎትን አቃፊ ከፍተው አያውቁም። እኔንም አንዴ በዚሁ ተቆጥተውኛል። ዛሬን ብቻ። በእትዬ ይዤዎታለሁ።

— ከፈቱት?… አለ?

— ጋሼ?

— ተፈርሟል።… እንዴት? ስብሰባ ላይ ነው አላሉም?… ጠዋት ሳይወጣ። ማኅተሙም አርፎበታል።

— ተስፋ አንቁረጥ። ቆይ፣ ቆይ። ያ የሚሰማኝ የማን ድምፅ ነው?… ሥራ አስኪያጁ ተመልሷል! ቢሮው ውስጥ ነው። ጥሩ። ሌላ ደብዳቤ እንጻፍ። ወረቀት ይያዙ፣ እኔ ልበልልዎት። «ለሥራ አስኪያጅ… ጉዳዩ፦ በዛሬው ዕለት ያቀረብኩትን የሥራ መልቀቂያ ስለ መሳብ…» ይጽፋሉ? «ጥያቄውን ያቀረብኩት በቂ ጊዜ ወስጄ ሳላስብበት በመሆኑ…»… «በስሜት» አይሻልም ጋሼ፣ ሕፃን ያስመስልዎታል።… እሺ፣ «በቂ ጊዜ ሳልወስድ» ይሁን፣ «ሳላስብበት» ይውጣ። እውነትዎን ነው፣ እሱ ይሻላል። «እንዲመለስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»… «በአክብሮት»። እሺ፣ በአክብሮት። ዛሬም ያርሙኛል አይደል?… ይፈርሙና ይግቡ። እኔ እዚሁ ነኝ።

— (ገቡ። ስልኩን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል መሰለኝ፣ የሚሰማ ነገር የለም።… እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ! ይመልስላቸዋል እንጂ። ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለን ሰው… አዎ፣ የኔ ጥፋት ነው። አትንገሪኝ፣ አውቃለሁ። ጎረቤት ስላልኩሽም ይቅርታ።… ቆይ፣ ኮቴ ይሰማኛል።)

— ጋሼ! እሺ? ምን አለ?

— እጅዎን ጨበጠዎት።… ቡና ጋበዘዎት። ከዚያስ?… መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ነው።… ሁሉም ወደ ኮምፒውተር ሊዞር። ከመቼ ወዲህ ነው ይሄ የተወሰነው?… ከሁለት ወር በፊት። ታዲያ ለእርስዎ ማንም…? ፈርተው። እንዴት እንደሚነግሩዎት ጨንቋቸው። ደብዳቤውን ሲያዩ… ምን አለዎት?

— «ገላገሉን።»

— እንደዛ ብሎ? በዚህች ቃል?… እየሳቀ። ከልቡ አመስግኖ።

— ቢቆዩ ኖሮስ?… ሌላ ክፍል ያዛውሩዎት ነበር። ግዴታቸው ነበር። በፈቃድዎ ስለለቀቁ ግን አሁን አይገደዱም።… ገባኝ። ገባኝ ጋሼ፣ መድገም አያስፈልግዎትም።… አዲሱንስ ደብዳቤ?… ሳይሰጡት ወጡ። ኪስዎ ውስጥ ነው።… ለምን አልሰጡትም?… «ገላገሉን» ካለዎት በኋላ አፍዎ አልታዘዝ አለዎት።

— ቃል መሸጥ ሥራዬ ነው፣ አንድ እንኳ የምሰጥዎት የለኝም።

— አሁን ወዴት ነዎት?… እስከ መውጫ ሰዓት ይቀመጣሉ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቤት። ለእትዬ ግን ይነግሯታል አይደል?… ምን ማለት ነው ቀስ ብዬ? ነገስ ጠዋት?… ኮትዎን ለብሰው ይወጣሉ።… ወዴት? የት ይውላሉ?… ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም መናፈሻው። ጋሼ፣ አያድርጉት! እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው። ዛሬ ልዋሽና ነገ ሥራ ሲገኝ እውነት ይሆናል ብዬ። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው እኮ! ዛሬውኑ ይንገሯት። ከፈለጉ እኔ ልምጣ፣ በሩ ላይ ቆሜ እኔ ልንገራት፣ እኔን ትርገመኝ።… እንዳትመጣ።… እሺ። እሺ፣ አልመጣም።

— ይሳደቡ እስቲ! አንዴ እንኳ ይስደቡኝ። «አንተ ውሸታም» ይበሉኝ።… ጋሼ?

— ምን አሉኝ?… ምሳ?… እኔ?… አዎ… በልቻለሁ ጋሼ።… አዎ፣ ደህና አድርጌ።

— ሄሎ?… ሄሎ?…

— (ዘጉት።… ምንም አላሉኝም እህቴ። ምሳህን በላህ ወይ አሉኝ፣ በባዶ ሆዴ በልቻለሁ አልኳቸው፣ ዘጉት።)