የአምናው ዓይን

ሰው ዓይኑን የሚያመሰግነው ሊያጣው ሲል ነው። እኔ አንዱን ሳላመሰግነው አጥቼዋለሁ፤ ግራው ከሞላ ጎደል ጨልሟል። ቀኙ ግን አሁንም ጋዜጣ ያነባል፣ የአውቶቡስ ቁጥር ይለያል፣ የልጅ ልጆቼ ሲዋሹኝ ፊታቸውን ያያል። ሕመሙ ግላኮማ ይባላል፤ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ እያለ ነርቩን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ሐኪሜ ነርቩን በየዓመቱ ፎቶ ያነሳሉ። የዘንድሮውን ከአምናውና ከካቻምናው ጋር አስተያይተው ሕመሙ ቆሞ ከሆነ በጠብታ እንቀጥላለን፤ እየገፋ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ነው። ያን ቀን ወደ ክሊኒኩ የሄድኩት ይህንን ፍርድ ልሰማ ነበር። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነበር የነጋው።

ደረጃውን ተደግፌ ስወጣ አንዲት ልጅ ከኋላዬ እየሮጠች መጥታ በትከሻዋ ገጨችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ዓይን የለሽም?» አልኳት። የዓይን ክሊኒክ ደረጃ ላይ ቆሞ ይህንን ማለት ያስቃል፤ እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር አልሳቅኩም።

«ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ!» አለችና አንደኛው ፎቅ ላይ ካለው ላቦራቶሪ በር ስትደርስ ቆመች።

ይሄኔ አወቅኳት። የሐኪሜ የእህት ልጅ ናት። ባንክ ውስጥ ኮምፒውተር የመጠበቅ ሥራ እንደምትሠራ አጎቷ ሳይጠየቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እናቷም የእኔው ሕመም አለባቸው፤ ወረፋ ስንጠብቅ ስንቱን ቀን ስለ ጠብታ አብረን አማርረናል።

የላቦራቶሪው ባለቤት፣ የሐኪሙ ሚስት ወንድም፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። የኮምፒውተሩ ስክሪን ቀይ ሆኖ «ፋይሎችህ ተቆልፈዋል፤ ካልከፈልክ አታገኛቸውም» ይላል።

«ስከፍተው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፤ ወዲያው ነው የደወልኩልሽ» አላት። «የሰዉ የደም ውጤት በሙሉ እዚህ ውስጥ ነበር። ጉድ ሆንኩ!»

«ከላይኛው ፎቅ ጋር አሁንም በአንድ የኔትወርክ ገመድ ናችሁ?» አለችው።

«ታዲያስ! ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ወደ ደረጃው ዞረች። ሩጫዋን ቀጠለች፤ እኔም ጉልበቴን እያባበልኩ ተከተልኳት።

ሐኪሙ መጋረጃ በተጋረደበት ክፍላቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ታካሚ አገጩን የሚያስቀምጥበት የዓይን ካሜራ አለ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሽቅብ እንደሚወጣ መኪና ያጓራል።

«መምህር፣ ይግቡ፣ ይግቡ። የእርስዎን እያወጣሁ ነው። ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ ይንቀራፈፋል።»

«ጋሼ፣ ይተዉት! ገመዱን ልንቀለው፤ ከታች ቫይረስ ገብቷል!»

ሐኪሙ መዳፋቸውን ገመዱ ላይ አሳረፉ። «ሰላምታ ይቀድማል፣ የኔ እናት። ደግሞ ይህንን ማሽን አትነኪብኝም። ባለፈው ‹አፕዴት ላድርገው› ብለሽ ነካክተሽው ካሜራው ሳምንት ሙሉ አልሠራም፤ ስንቱን ታካሚ ከበር መለስኩ። ከዚያ ወዲህ አፕዴት የሚሉትን አዘግቼ በሰላም እየሠራሁ ነው። ያልታመመ ይታከማል?»

«እውነታቸውን ነው» አልኩ እኔም። «ቀጠሮ አለኝ። መጀመሪያ የእኔ ይታይልኝ።»

ልጅቷ እጃቸውን መግፋት አልደፈረችም፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል።

«ያን ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የካሜራውን ፕሮግራም ሳላጣራ ቸኮልኩ» አለች። «ግን በሩ ተጣመመ ተብሎ ያለ በር አይታደርም፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ዊንዶውስ ደካማ ነው እንበል። ማክ ቫይረስ አይገባውም ይላሉ። እናንተ ባንክ ደግሞ በነፃ በሚገኘው፣ በዚያ በሊኑክስ ትመካላችሁ። እስቲ የትኛው ነው የማይደፈረው? ንገሪኝና ልገላገል።»

«የማይደፈር የለም። ዊንዶውስ በየቤቱና በየቢሮው ስላለ ሌባ መጀመሪያ የሚያጠናው የእሱን ቁልፍ ነው። ሠሪዎቹም ግን ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ይደፍናሉ፤ አፕዴት ማለት ያ መድፈኛ ነው። የእርስዎ ኮፒ ደግሞ ክራክ የተደረገ፣ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የተጫነ ነው። ማን እንደሰበረው፣ ሲሰብረውም ምን እንደጨመረበት አናውቅም። መድፈኛውንም ዘግተውታል። እንዲህ ሆኖ ‹ዊንዶውስ ደካማ ነው› ማለት ኃጢአቱን ለሌላ ማሸከም ነው።»

«ማኩስ?»

«ማክ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም ሲከፈት ይጠይቃል፣ ይከለክላል። የሚያነጣጥሩበትም ያንሳሉ። ቫይረስ አይገባውም የሚባለው ግን ተረት ነው። ደግሞ የእርስዎ ካሜራ ፕሮግራም እሱ ላይ አይሠራም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብናል።»

«ሊኑክስ ቀረ።»

«የሊኑክስ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ብዙ ሰው ያየዋል፣ ያርመዋል። ተራ ተጠቃሚም የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ይዞ አይዞርም፤ ዋና ነገር ሊቀይር ሲል የይለፍ ቃል ይጠየቃል። እሱንም ቢሆን ጭነው ከረሱት፣ ሥልጣኑን ለሁሉም ካደሉት፣ ያው ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ሲባል አልሰሙም?» ዓይኗን ከገመዱ ላይ አልነቀለችም። «ጋሼ፣ በልጅነቴ ይሁንብዎ፣ እጅዎን ያንሱልኝ።»

«አያያዜስ ምን ሆነ?»

«ላቦራቶሪው፣ የወንድምዎ መነጽር ቤትና ይህ ክሊኒክ በአንድ ገመድ፣ በአንድ የይለፍ ቃል! እሱም የአማትዎ ስም። ማሽኑ ሁሉ ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ባለው ስም ነው የሚከፈተው። አንዳችሁ ጋ የገባ ሌባ ሁላችሁም ጋ ገባ ማለት ነው።»

«ስማቸውን አትንኪ!» ሐኪሙ ጠረጴዛውን መቱ። «ይህንን ሕንፃ ያወረሱን እሳቸው ናቸው። ‹በመካከላችሁ ቁልፍ አይግባ› ብለው ነው የሞቱት። አሁን የሚስቴ ወንድም በቸገረው ሰዓት ገመዱን ነቅዬ፣ በር ዘግቼበት፣ ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ለካስ ነገሩ የማሽን አልነበረም! ልጅቷን ከሰማሁ ወዲህ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ በልቤ ሳማቸው ነበር፤ አሁን ገባኝ። ሰውየው የጨነቃቸው ዘመድ ማስቀየም ነው። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ እኔም ያደግኩበት ነው። ነገር ግን ደግ ልማድ ያለ ቦታው ሲገባ ከክፉ ልማድ የበለጠ ያጠፋል፤ ክፉውን ሁሉም ይጠነቀቀዋል፣ ደጉን ግን ማንም አይጠረጥረውም።

«እሳቸው የተናገሩት ስለ ልብ ነው» አለች ልጅቷ። «በአንድ ግቢ የሚኖር ቤተሰብም እኮ ለየክፍሉ በር አለው። ታች እሳት ተነስቷል፣ ጋሼ! ምናልባት አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ነው።»

«ካለ የታለ? ይኸው ይሠራል። ምንም ምልክት የለውም።»

ትዕግሥቴ አለቀ። ዕድሜ ልኬን ተማሪ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለሐኪምም ቢሆን አልመለስም።

«ዶክተር፣ ይቅርታዎን፤ እኔ እዚህ ወንበር ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር የሚሉኝ ምንድን ነው?»

«ምን እላለሁ?»

«‹መምህር፣ ይህ በሽታ አያምም፤ ምልክት የለውም፤ ሲያውቁት ጨልሟል› ነው የሚሉኝ። ጠብታውን የማንጠባጥበው እኮ ዓይኔን አሞኝ አይደለም፤ እርስዎን አምኜ ነው።»

ሐኪሙ ወደ ዓይን ካሜራው ዞር አሉ። ማራገቢያው ያጓራል።

«እኔ የምለው ስለ ዓይን ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

«የእኔስ ዓይን ያለው የት ነው? እዚያ ውስጥ አይደለም እንዴ! የአምናው ፎቶ ሌላ ቦታ ቅጂ አለው?»

«የለውም።»

«ቢጠፋ ዳግመኛ ያነሱልኛል?»

«ምን ነካዎት መምህር፤ የዛሬውን እንጂ የአምናውን ዓይን ማን ፎቶ ያነሳል?»

ይህንን ራሳቸው ተናግረው ራሳቸው ሰሙት። ፊታቸው ተለወጠ። መዳፋቸው ከገመዱ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ ማውሱ ሄደ።

«አንድ ነገር ብቻ ልይ። የእናትሽን ልክፈት…»

ጫኑት፤ አልተከፈተም። የካቻምናውን ሞከሩ፤ አልተከፈተም። ከእህታቸው ስም ቀጥሎ ማንም የማያነበው የፊደል ዝብርቅርቅ ተለጥፏል።

«እህቴን!» አሉ ሐኪሙ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ገመዱን በገዛ እጃቸው መንጭቀው ነቀሉት፤ ኤሌክትሪኩንም እንደዚያው። ማራገቢያው ቀጥ አለ። ከታች የሚስታቸው ወንድም ታካሚዎቹን በስልክ ሲለማመጥ ይሰማል።

ልጅቷ የኮምፒውተሩን ዲስክ አውጥታ ሊኑክስ ከተጫነበት የራሷ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው። «ይህ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ እዚህ አይነሳም፤ ሳልነካ ብቻ ነው የማየው» አለችን። እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ከኋላዋ ቆምን። 

ቫይረሱ ሲቆልፍ የነበረው በፊደል ተራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ፊደላት የሚጀምሩት ስሞች ሁሉ ሄደዋል። ከመሐል ጀምሮ ያሉት ደህና ናቸው። እኔ ስሜ ከፊደል ገበታው መጨረሻ ስለሆነ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነበርኩ፤ እድሌን ስረግም ነው ያደግኩት። ያን ቀን ዓይኔን ያተረፈልኝ ያው እድል ነው።

«የእናቴ ስም በ‹መ› ነው የሚጀምረው» አለች ልጅቷ።

ከእናቷ ፋይል አጠገብ የተቆለፈበት ሰዓት ተጽፏል። ልጅቷ ቶሎ ልትዘጋው ስትል ሐኪሙ እጇን ያዙ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

«ቀድሞ ነው ጋሼ፤ እኔ ሳልደርስ…»

«አትዋሺኝ፣ ልጄ። ስለ ማክ ስጠይቅሽ ነው።»

እኔም በቀኝ ዓይኔ አንብቤዋለሁ። «ቀጠሮ አለኝ» ያልኩበትም ደቂቃ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ምክሩ ጎዶሎ ይሆናል። ሐኪሙ ክራኩን አስጥለው ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ አስገቡ፤ አፕዴቱም እየተጣራ በየጊዜው ይገባል። የካሜራው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተለየ። ቀጠሮ የሚያዝበት ኮምፒውተር ላይ ልጅቷ ሊኑክስ ጫነች፤ ሐኪሙ በመጀመሪያው ሳምንት አጉረመረሙ፣ በሁለተኛው ረሱት። ማንም ለዕለት ሥራ ሙሉ ሥልጣን ባለው ስም ማሽን አይከፍትም። ፎቶዎቹ ሁሉ ቅጂ አላቸው፤ ቅጂው ያለበት ዲስክ ማታ ማታ ተነቅሎ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ከማሽኑ ጋር ተሰክቶ የሚያድር ቅጂ ከማሽኑ ጋር ይጠፋልና። ቀጥሎ የመጣ ሌላ ቫይረስ መነጽር ቤቱን ሲመታ ክሊኒኩ አንድም ታካሚ አልመለሰም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ማለት ይኸው ነው።

የሚስታቸው ወንድምስ? ሐኪሙ እየተቅለሰለሱ ገመዱን መንቀላቸውን ሲነግሩት ዓይኑን አፈጠጠ። «እኔ ስቃጠል አብረውኝ እንዲቃጠሉ እፈልጋለሁ እንዴ? ምነው ቀድመው በነቀሉት!» አላቸው። የአማትየው ስም ከማሽኖቹ ወጥቶ በበሩ ላይ በትልቁ ተጻፈ፤ የሚገባው ቦታም እዚያ ነው።

የእኔ የዘንድሮው ፎቶ ከአምናው ጋር ሲተያይ ሕመሙ መግፋቱ ታወቀ። ቀዶ ሕክምናው በጊዜ ተደረገልኝ፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያው ዓይን ነው።

የሐኪሙ እህት የመጡ ዕለት እኔ ለክትትል እዚያው ነበርኩ። ሐኪሙ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ቆመው ጠበቋቸው።

«እህቴ» አሉ፣ «የአምናውን ዓይንሽን አጠፋሁት። ሕመሙ ይግፋ ይቁም ማወቂያ የለኝም። እንደ አዲስ ልጀምር ነው፤ እስክናውቅ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።»

ሴትየዋ ወንድማቸውን ትንሽ አዩዋቸው። ሊቆጡ ነው ብዬ ነበር።

«በል እንግዲህ፣ የዘንድሮውን ጠብቅልኝ» አሉና አገጫቸውን ካሜራው ላይ አስቀመጡ።

ሐኪሙ ፎቶውን አነሱ። ሳያዩት በፊት ቅጂውን አስቀመጡ።