«ነገ ብታገባስ?»

ልጄን ቤዛን ቡልቡላ ሜዳ ለሙከራ ይዣት ሄድኩላችሁ፤ አንድ የሴቶች እግር ኳስ ክለብ የመስመር አጥቂ ይፈልጋል ተብሎ። ተከላካዮቹን እያለፈች ኳስ ስታሻማ የክለቡ መልማይ ራሱ «ኧረ ይቺ ልጅ!» እያለ ያጨበጭብ ነበር። ለዕረፍት ሲወጡ ግን ወደ እኔ መጣና «እናቷ ነዎት? ችሎታዋ ግሩም ነው፤ ግን አሰልጥነናት ነገ ብታገባስ?» ብሎ አይጠይቀኝም መሰላችሁ!

ደሜ ፈላ። «የሴት ቡድን ልትመለምል መጥተህ ሴት በመሆኗ ትጥላታለህ? ወንዶቹንስ መቼ ነው የምታገቡት ብለህ ታውቃለህ?» ብዬ ጮህኩበት። ቤዛ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። ይሄኔ ሌሎቹ ልጆች፣ ቦታዋን የሚሻሙት እንኳን ሳይቀሩ፣ ሜዳው መሀል ቁጭ አሉ። «እሷ ካልገባች አንጫወትም!» አሉት። ሰውዬው ዓይኔን ሳያይ ስሟን መዘገበ። አሁን ደግሞ «እናትየዋ ስለጮኹብኝ ነው የወሰድኳት» እያለ ያወራል አሉ!