ለአማቴ ልክ የሆነው የኤደን ቀሚስ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እጮኛ ማለት ከሩቅ የምትታይ ሰው ናት። እኔ አስካለን ከሰርጋችን በፊት ያየኋት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ልደታ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስቱንም በነጠላ ተሸፋፍና። ዓይኗን አይቻለሁ፣ አፍንጫዋን አይቻለሁ፣ በቃ። አትሳቁ! ቀጭን ትሁን ወፍራም እኔ በምን አውቃለሁ?

ታዲያ ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ አንድ የመናዊ ቆዳ ነጋዴ ዘንድ እሠራለሁ፣ ሐጂ ነው የምንለው። እና አንድ ቀን ሐጂ ጠራኝና «ቆዳውን ይዘን ኤደን ወደብ እንሄዳለን፣ አንተም አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለኝ። ኤደን! አዋሽን እንኳ ያልተሻገርኩ ሰውዬ! ከጠመንጃ ያዥ እስከ አብነት «እሱ እኮ ባሕር ሊሻገር ነው» ተባለልኝ። አስካለም ሰማች፣ እና በእህቴ በኩል ላከችብኝ። ምን አለች መሰላችሁ? «ባሕር ከተሻገረ አይቀር፣ በልኬ የተሰፋ ቀሚስ ያምጣልኝ።» በልኬ አለች እኮ!

ልኩ ታዲያ ከየት ይምጣ? እኔ ልለካት ብል ነውር ነው። እናቷ እማማ ድንቅነሽ «እኔ ለክቼ እሰጠዋለሁ» አሉ፣ እና አራት ክር ሰጡኝ። አንድ ቋጠሮ ያለው ትከሻ፣ ሁለት ቋጠሮ ደረት፣ ሦስት ቋጠሮ ወገብ፣ አራት ቋጠሮ ቁመት። «አደራ፣ እንዳታምታታው» አሉኝ። ሲሰጡኝ ግን ዓይኔን አላዩኝም። እኔ ምን ብዬ ልጠርጥር!

ክሩን ከይለፍ ወረቀቴ ጋር ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ባቡር ላይ አንድ የጣሊያን ፖሊስ ፈተሸኝና ክሩን አወጣው። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲለኝ ደንግጬ «ሚስቴ ናት!» አልኩት። አስተርጓሚው በሳቅ ሞተ፣ ፖሊሱም ሳቀና መለሰልኝ።

ታዲያ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረን ኤደን ደረስን። ሙቀቱን ተዉት፣ አይነገርም። ሐጂ አንድ ሕንዳዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰደኝ፤ ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ። ሰማያዊ ሐር መረጥኩ። ሰውየው ክሮቹን አንድ በአንድ ዘረጋ፣ ዘረጋ፣ እና ሦስት ቋጠሮ ያለው ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔን አየኝ። መልሶ ክሩን አየ። ሐጂ ነው የሚያስተረጉምልን።

«ይቺ ሴት ስንት ወልዳለች?» አለ።

«ኧረ ልጃገረድ ናት!»

«ክሩ ግን አምስት ወልዳለች ይላል። ትንሽ ላጥብበው?»

እና እኔ ሞኙ ተቆጣሁ! «እናቷ የለኩትን አንተ ማን ነህና ትነካዋለህ? እንደ ክሩ ስፋ!» አልኩት። ሰፋው። እንዴት አድርጎ ሰፋው መሰላችሁ! አገሬ እስክገባ ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ግን የሕንዱ ጥያቄ በጆሮዬ ይመላለሳል። «እሺ፣ ወፍራም ብትሆንስ? ዓይኗን ወድጄዋለሁ፣ በቃ» እላለሁ ለራሴ። እውነቴን ነው፣ እንዲያ ነው ያልኩት።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ጣሊያን ሰው ሲሰበሰብ አይወድም፣ ስለዚህ ድንኳኗ ትንሽ ናት። ጥሎሽ ሲቀርብ ሚዜዬ ቀሚሱን ገልጦ ከፍ አደረገው። «ኧረ ሐር!» ተባለ፣ እልል ተባለ፣ እና ወደ ጓዳ ይዘውላት ገቡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ከዚያ አክስቷ ብቅ አለችና «ኧረ ይሄ ሁለት አስካለ ይይዛል!» አትልም?

አባቷ አቶ ወልዴ ተነሡ። ኮስታራ ሰው ናቸው። «ይሄ የማን ልክ ነው? ኤደን ያስቀመጥካት ሴት አለች እንዴ? ለሌላ ሴት በተሰፋ ልብስ ልጄን አልድርም! ድንኳኑን አፍርሱት!»

«ኧረ አባባ፣ በተሰጠኝ ክር ነው ያሰፋሁት!»

«ማነው ክሩን የሰጠህ?»

እስቲ ፍረዱኝ! እማማ ድንቅነሽ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። አማት በሰው ፊት ይጋለጣል? ካልተናገርኩ አስካለን ላጣት ነው፤ አፌን ብከፍት ደግሞ እናቷን ማዋረዴ ነው። ዝም አልኩ። ሚዜዬ «ተናገር እንጂ!» ይላል።

ታዲያ እማማ ድንቅነሽ አላስቻላቸውም። «እኔ ነኝ የሰጠሁት!» አሉ። «የልጄን ወገብ ለባዕድ ወንድ በክር ቋጥሬ ልላክ? አፈርኩ! የራሴን ልክ ሰጠሁት!»

አቶ ወልዴ ግራ ገባቸው። «የራስሽን?»

«የራሴን። አምስት የወለድኩበትን።»

እኔ ራሴን ረስቼ «ሕንዱ ነግሮኝ ነበር!» ብዬ አልጮህም መሰላችሁ! ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ወልዴም ሊስቁ አልፈለጉም ነበር፣ ግን አመለጣቸው። «እንግዲያው ልበሺውና እንየው» አሏቸው። እማማ ድንቅነሽ ገብተው ለብሰው ወጡ። ልክክ አለባቸው! አቶ ወልዴ ሚስታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና ቀስ ብለው «እንዲህ ነበርሽ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰርጉን ማን ያቆመዋል? አስካለ እናቷ አስፈትለው ያሰፉላትን ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ቀጭን፣ ሸንበቆ የምታክል! ዓይኗ ግን ያው ዓይን። እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? እድሜ ልኬን ደስ ብሎኝ ኖሬያለሁ።

*(ወይዘሮ አስካለ ከመደቡ ላይ ሆነው ጣልቃ ገቡ።)*

«እናቴ ያንን ሐር እስኪያልቅ ለበሰችው። ከዚያ እኔም አምስት ወለድኩለት፣ ያ የክር ልክ የእኔ ሆነ። እና በሉ ጠይቁልኝ፤ ቀሚሴ የታለ?»