አስራ አንድ ወር ጠበል

ጋሽ ተክለ ጻድቅ በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ኦቴሎ በሚባለው ጣቢያ ከባቡር ወርደው ጥቂት እንደሄዱ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በጠዋቱ ተያይዘው ሲመጡ አዩ። ልባቸው ክው አለ። ሦስት ሽማግሌ በማለዳ አብሮ የሚሄደው ወይ ለጋብቻ ነው፣ ወይ መርዶ ሊያረዳ፤ ጋሽ ተክለ ጻድቅ ደግሞ የምትዳር ልጅ የላቸውም። ፊት ለፊታቸው ባገኙት በር ጥልቅ አሉ።

በሩ የሠፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነበር። ሬድመንድ በኮምፒውተር ኩባንያ የምትሠራውና ቅዳሜ ቅዳሜ ለአረጋውያን ኮምፒውተር የምታስተምረው ሳሮን ባዶ ወንበሮች ትደረድራለች።

"ውይ ጋሼ! በመጨረሻ መጡልኝ!"

"አልመጣሁም ልጄ። ሸሽቼ ነው።"

ሳሮን በመስኮት አየት አደረገች። "እነ አባባ ሀይለየሱስን? የጉንፋን ክትባት ሊወጉ እኮ ነው የሚሄዱት!"

ጋሽ ተክለ ጻድቅ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ሐፍረታቸውን ለመደበቅም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ተማሪ መሆን አንዳንዴ እንዲህ ቀላል ነው።

"ኦኬ፣ ሶ... እንጀምር?"

"ምኑን? ይሄ ዕቃ ቫይረስ አለው ይላሉ፤ በዚህ ዕድሜዬ በሽታ ልሸምት?"

"እርስዎን አይዝም፣ ጋሼ።"

"እዚሁ ከተማ፣ ሶዶ የሚሉት ሠፈር መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን አልነካሁትም። ስልክ ይበቃኛል።"

"እሺ፣ ማንን ኮል ያደርጋሉ?"

ጋሽ ተክለ ጻድቅ ነገሯት። በየእሑዱ ደሴ ይደውላሉ፤ እናታቸው ሲሞቱ እንደ እናት ሆነው ላሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው፣ ለእትዬ ሙሉወርቅ። ስልኩን የምታነሳው ግን የእህታቸው ልጅ አፀደ ናት። "እማዬ ጠበል ሄዳለች" ትላለች፤ ሁልጊዜ።

"ከሄዱ ስንት ጊዜያቸው ነው?" አለች ሳሮን ነገሩን ስትሰማ።

"አስራ አንድ ወር።"

"አስራ አንድ ወር ጠበል?"

"ሩቅ ጠበል ሊሆን ይችላል" አሉ፣ ራሳቸውም ሳያምኑት።

"በካሜራ እንያቸዋ!"

"ተዪኝ!" ድምፃቸው ወዲያው ወረደ። "በስልክ ጠበል ሄደች ሲሉኝ እሺ ብዬ አድራለሁ። በዚህ መስታወት ባዶ አልጋዋን ቢያሳዩኝስ? 'አንተ ቀዥቃዣ!' ስትለኝ እንዴት እንደሚናፍቀኝ... እዚህ አገር አንተ የሚለኝ ሰው አልቀረም እኮ ልጄ። ሁሉም አንቱ ይለኛል።"

ሳሮን አጠገባቸው ተቀመጠች። "ክፉ ወሬ ለሩቅ ሰው አይነገርም የሚባለው ለእርስዎ በማዘን ነበር፣ ጋሼ። እርስዎ ግን ላልተነገረዎት መርዶ አስራ አንድ ወር አለቀሱ። በሕይወት ቢኖሩስ? እሳቸውም እዚያ ሆነው 'ወንድሜ ረሳኝ' እያሉ ቢሆንስ?"

ይህ ቃል ወጋቸው። የእኛ ሰው ክፉ ወሬን እንደ ትኩስ ወጥ ይከድነዋል፤ ተከድኖ መበላሸቱን ግን አያስብም።

ሦስት ቅዳሜ ተማሩ። በስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት እንደ ጎረቤት ዶሮ አባረሯት። በመጨረሻም ለአፀደ በገዛ ጣታቸው ጻፉ፦ "እህቴን አሳዪኝ። ሞታም ከሆነ ንገሪኝ።" ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ለመላክ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት።

በአራተኛው ቅዳሜ አፀደ በካሜራ ደወለችና ስክሪኑ ተከፈተ። እትዬ ሙሉወርቅ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የፊታቸው ግማሽ ወርዷል።

"ደም ብዛት ጥሏት አንደበቷ ተያዘ" አለች አፀደ ከጎን ሆና እያለቀሰች። "በስልክ ምኗን ላሰማዎት?"

"እትዬ!" አሉ ጋሽ ተክለ ጻድቅ።

እትዬ ሙሉወርቅ ትክ ብለው አዩዋቸው፤ ከዚያ ደህናውን እጃቸውን አንስተው፣ ቆጣ ብለው፣ ወደ ገዛ አንገታቸው አመለከቱ።

"ምን እያሉ ነው?" አለች ሳሮን።

"ኮሌታህን አስተካክል እያለችኝ ነው" አሉ ሽማግሌው፤ እያለቀሱ አስተካከሉ።

እንግዲህ ኮምፒውተር ባሕር አያሻግርም፤ የተያዘ አንደበትም አይፈታም። ጥቅሙን የሚጠይቅ ካለ ግን ይኸውና፦ አፀደ ከመዋሸት ዐረፈች፤ እትዬ ሙሉወርቅ የሚቆጡት ሰው አገኙ፤ ጋሽ ተክለ ጻድቅም በር ሲንኳኳ ይከፍታሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድምና እህት ያለ ንግግር ይተያያሉ። መስመሩ ደክሞ የእህታቸው ምስል ደርቆ ሲቀር፣ ጋሽ ተክለ ጻድቅ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው፣ እስክትንቀሳቀስ ይጠብቃሉ።